እኛን ያከመችው ሲስተር ዋሲላ

ማይክራፎኑን የሰጣችሁኝ በገዛ ፈቃዳችሁ ነው፤ ኋላ «ማን ስጠው አለ?» እንዳትባባሉ። ለማታውቁኝ እንግዶች፣ ሙሉጌታ እባላለሁ። የዚህ ጤና ጣቢያ መድኃኒት ቤት ሠራተኛ ነኝ። በጠባቧ መስኮት አጮልቄ «ከምግብ በኋላ፣ በቀን ሁለት ጊዜ» የምላችሁ ሰውዬ እኔ ነኝ። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ኪኒን አይደለም፤ እዚህ ፊት ለፊቴ ሻርፗን እያስተካከለች «ይኼ ሰውዬ ምን ሊል ነው?» እያለች ስላለችው፣ ዛሬ በጡረታ ስለምንሸኛት ሴት ነው።

ሲስተር ዋሲላ ውጫሌ የመጣችው በ2010 ግንቦት ላይ ነው። አገሩ ሁሉ ስለ ለውጥ የሚያወራበት ጊዜ ነበር። ባጃጁም፣ ሻይ ቤቱም «ለውጥ መጣ!» ይላል። እኛ ግቢ የተለወጠው ግን የበሩ ቀለም ብቻ ነበር። ታዲያ አንድ ጠዋት አንዲት ሴትዮ ጥቁር ጃንጥላ ይዛ ገባችና በሽተኞች ከሚቀመጡበት አግዳሚ ላይ ቁጭ አለች። አንድ ሰዓት ሆናት፣ ሁለት ሰዓት ሆናት። እኛ ፊቷ እንመላለሳለን፤ ዞር ብሎ ያያት የለም። ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል የካርድ ክፍሉ ካሊድ፣ ያው እዚያ ጥግ አንገቱን የደፋው፣ አዘነላትና ጠራት።

«እናቴ፣ ምንሽን ነው ያመመሽ?»

«እኔስ ደህና ነኝ፣ አልሀምዱሊላህ» አለችው። «ላክም የመጣሁት እናንተን ነው።»

ካሊድ እየሮጠ ወደኔ መጣ። «ሙሌ፣ አንዲት ጤና የሌላት ሴትዮ መጥታ አክማችኋለሁ እያለች ነው!» አለኝ። ብወጣ የምደባ ደብዳቤዋን ዘረጋችልኝ። የአእምሮ ጤና ነርስ ይላል። ሠላሳ ዓመት ገደማ ስታዋልድ ኖራ፣ ሃምሳ ካለፋት በኋላ እንደገና ተምራ የመጣች ናት። «ታዲያ ጠዋቱን ሙሉ ምን ይዞሽ ተቀመጥሽ?» ብላት፣ «ሰው ሲመጣ ስንት ሰዓት ዝም እንደምትሉት ልየው ብዬ ነው» አለችኝ። ያን ቀን ምሳ አልበላልኝም።

አንቺ እያልኩ ማውራቴን የምትታዘቡኝ ካላችሁ፣ ጥፋቱ የሷ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት አንቱ ብላት «ተው ሙሉጌታ፣ አንቱታ ወገቤን ያመኛል» አለችኝ፤ በዚያው ቀረ።

የሰጠናት ክፍል የተሰበረ አልጋ የምናከማችበት ነበር። አልጋዎቹን በራሷ እጅ አወጣች፣ ግድግዳውን ኖራ ቀባች፤ ከዚያ ወንበር ፍለጋ ጀመረች። ያለን ወንበር አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር ነው። እሷ ደግሞ እኩል የሆኑ ሁለት ወንበሮች ካልሆኑ አልሠራም አለች። «ሰው ጉዱን ሲነግረኝ ከላይ ወደ ታች አላየውም» አለች። በነጋታው ኃላፊያችን አቶ አሕመዲን ስብሰባ ውለው ሲመለሱ ቢሯቸው ውስጥ የእንግዶች ወንበሮች የሉም። አቶ አሕመዲን፣ ይኸው ሰባት ዓመት ሙሉ ሌባ ሲፈልጉ ኖረዋል። ሌባዋ እዚያ ተቀምጣለች። ተሸካሚው እኔ ነበርኩ።

ጠባዮቿን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ሰላምታዋ ከውጫሌ እስከ ሐይቅ ያደርሳል፤ ልጆቹን፣ ከብቱን፣ ዝናቡን ጠይቃ ስታበቃ «እንቅልፍስ እንዴት ነው?» ትላለች። ከዞን የመጡትን ተቆጣጣሪ ሳይቀር በስብሰባ መሃል አቋርጣ እንቅልፋቸውን ጠየቀቻቸው። ሰውዬው ሪፖርቱን ትተው ሩብ ሰዓት ስለ እንቅልፋቸው አወሩ። ስትሠራ ደግሞ የአምባሰልን ዜማ ታንጎራጉራለች፤ ዜማው አምባሰል መሆኑን የምናውቀው ግን እሷ ስለነገረችን ነው።

ከሁሉ የሚብሰው ቅጣቷ ነው። አንድ ቀን በመስኮቴ አንገቴን አውጥቼ «ሲስተር፣ የእብዶቹ መድኃኒት አልቋል!» ብዬ ጮህኩ። መጣች።

«የማን መድኃኒት አልክ?»

«የ… የእብዶቹ።»

«ስኳር ያለበት ሰው ሲመጣ ‹ስኳሩ መጣ› ትላለህ?»

«አልልም።»

«አስም ያለባትንስ ‹አስሟ መጣች› ትላለህ?»

«ኧረ አልልም።»

«እንግዲያው መጥረጊያው ከበሩ ኋላ ነው።»

ያችን ቃል ያወጣ ሰው ክፍሏን ይጠርጋል፤ ሕጉ ይኸው ነበር። እኔ አሥራ አንድ ጊዜ ጠርጌያለሁ። ካሊድ ቁጥሩን አይናገርም።

አሁን የምነግራችሁን የምነግራችሁ በባለታሪኳ ፈቃድ ነው። አያት ትባላለች፤ እዚህ አለች፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣለች። ትናንት ጠይቄያት «ስሜን ጥራው፤ ከደበቅኸው እቀየምሃለሁ» ብላኛለች።

አያት አራት ዓመት ጅዳ ሠርታ ስትመለስ ሰውነቷ ተመለሰ እንጂ ወሬዋ አልተመለሰም። ማንም የማይሰማውን ድምፅ ትሰማለች፣ ድንገት ተነስታ ወደ ገደሉ ትሮጣለች። አባቷ አባባ ሀሚዱ የሚያደርጉት ቢጠፋቸው እግሯን ከቤቱ ምሰሶ ጋር በገመድ አሰሩት። ሲስተር ይህንን ገበያ ላይ ሰማች። «ተነስ፣ እንሂድ» አለችኝ። ዳገቱን ሦስት ሰዓት ወጣነው። እኔ እያለከለክሁ፣ እሷ አምባሰሏን እያንጎራጎረች።

አባባ ሀሚዱ በር ላይ ቆመው ጠበቁን። «ልጄን የያዛት ጂኒ ነው። ሐኪም ምን ያደርግላታል?» አሉ።

እኔ ልከራከር አፌን ስከፍት ሲስተር እግሬን ረገጠችኝ። «አባባ ሀሚዱ፣ ዱዓው አይቋረጥ» አለች። «እኔም አብሬያችሁ አሚን እላለሁ። ግን አላህ ለሁሉም ሰበብ አኑሯል። ይኼ ኪኒን አንዱ ሰበብ ቢሆንስ? ከዱዓው ጋር እንስጣት።»

«ብትሮጥብኝስ?»

«እኔ እይዛታለሁ። እዚሁ እከርማለሁ።»

ሦስት ቀን ከረመች። ወንበር ስላልነበረ መሬት ላይ፣ ከአያት አጠገብ ተቀምጣ። በሦስተኛው ቀን አባባ ሀሚዱ ገመዱን በገዛ እጃቸው ፈቱት። ከዚያ በየሳምንቱ ዳገቱን እየወጣች ትጠይቃት ጀመር፤ ስትሄድ ምግብ ሠርታ ትይዛለች። በአምስተኛው ሳምንት አያት ቀና አለችና ከተመለሰች ወዲህ የመጀመሪያ ሙሉ ዓረፍተ ነገሯን ተናገረች፦ «ጨው በዝቶበታል።»

ሲስተር እየሳቀች አለቀሰች። ዛሬ አያት ውጫሌ ገበያ ውስጥ የልብስ ሱቅ አላት። መድኃኒቷን ትወስዳለች፣ ቀጠሮዋን አታሳልፍም፣ ዋጋ ላይም አትቀንስም።

ከዚያ ጦርነቱ መጣ። በ2014፣ አዝመራው ገና ማሳ ላይ ሳለ፣ ተኩሱ ወደ ከተማችን ቀረበ። የሚሸሽ ሁሉ ወደ ደሴ መንገድ ይጎርፋል። እኔ ሚስቴንና ሁለት ልጆቼን ይዤ ልወጣ መድኃኒት ቤቱን ስዘጋ ሲስተር በሩ ላይ ደረሰች።

«የሰዎቼን ኪኒን ስጠኝ።»

«ሲስተር፣ ለምን አትወጪም? እንሂድ!»

«ኪኒኑን ድንገት ካቋረጡ ስንት ዓመት የደከምንበት ይናዳል። ሁሉም ሲሸሽ ለእነሱ ማን ይሰጣቸዋል?»

ሁለት ካርቶን ሰጠኋትና ሄድኩ። እሷ ቀረች። ኪኒኑን ከበቆሎ ጆንያ ሥር ደበቀችው። ሁለት ወር ያህል፣ መንገዱ ሲፈቅድ፣ ጥቂት ጥቂቱን በዘንቢል ከሽንኩርት በታች እያደረገች በእግሯ ከቤት ቤት፣ ከቀበሌ ቀበሌ ዞረች። ሃያ ሦስት ሰዎች ነበሩ። ሃያ አንዱን አዳረሰች። ሁለቱን ልታገኛቸው አልቻለችም፤ የት እንደደረሱ እስከዛሬ አይታወቅም። ሃያ አንዱን ስናወድስላት እሷ የምታነሳው የሁለቱን ስም ነው።

እንግዲህ ቀጥሎ ያለውን ከሚስቴና ከሲስተር በቀር የሚያውቅ የለም። ሲስተር፣ አትደንግጪ። ምስጢሩ የኔ ነው፤ እኔው ላወጣው እችላለሁ።

ስመለስ ጤና ጣቢያው ተዘርፎ መደርደሪያዎቼ ወድቀው አገኘኋቸው። አነሳኋቸው፣ ሥራ ጀመርኩ። ሰው ሲጠይቀኝ «ደህና ነኝ፣ ተመስገን» እላለሁ። ደህና ግን አልነበርኩም። በር ድው ሲል ከጠረጴዛው ሥር እገባለሁ። ልጆቼ ሲስቁ እጮህባቸዋለሁ። መስኮቴ ላይ ስቀልድ ታዩኝ የለ? ቀልዱን እንደ ሥራ ነበር የምሠራው።

አንድ ቀን ለአንዲት እናት የሌላ ሰው መድኃኒት ሰጠኋት። ከሄደች በኋላ ታወሰኝ። ጋዋኔን እንደለበስኩ እስከ ባጃጅ ተራ ሮጥኩ፤ ልትሳፈር ስትል ደረስኩባትና ከእጇ ነጠቅኋት። ትክክለኛውን ሰጥቼ ሸኘኋት። ስመለስ ሲስተር በረንዳዋ ላይ ቆማ ታየኛለች። አላየሁም ብዬ ሹልክ ልል ስል ጠራችኝ። ክፍሏ ገባሁና እንደ ልማዴ ከበሩ ኋላ መጥረጊያውን አነሳሁ።

«ሙሉጌታ» አለችኝ፣ «መጥረጊያውን አስቀምጥና ተቀመጥ።»

ተቀመጥኩ። እኔ ራሴ ተሸክሜ ያመጣሁት ወንበር ላይ። እሷም ሌላኛውን ወንበር ስባ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች። ከዚያ ለሰው ያልነገርኩት ወጣ። በሽሽቱ ቀን፣ ከመንገዱ ዳር አንድ የቆሰለ ሰው ወድቆ ነበር። ነጩን ጋዋኔን አይቶ «ዶክተር!» ብሎ ጠራኝ። አንዱን ልጄን አዝያለሁ፣ ሌላዋን በእጄ ይዣለሁ፣ ከኋላችን ተኩስ አለ። አልቆምኩም። ከዚያ ወዲህ ሰው በመስኮቴ «ዶክተር» ባለኝ ቁጥር የምሰማው የሱን ድምፅ ነው።

«ምንም አይደል» አላለችኝም። «እርሳው» አላለችኝም። «ልጆችህን አድነሃል» አለችኝ። «ሰውዬውም ይቆጭሃል። ሁለቱም እውነት ነው። አብሽር፤ ይኼ ሕመም ነው፣ ስም አለው፣ ይታከማል። ብቻህን ግን አትሸከመው።»

«አንቺስ?» አልኳት። «ሁሉን ያየሽው አንቺ ነሽ። አንቺን ማን ሰማሽ?»

«ደሴ አንዲት የሥራ ባልደረባ አለችኝ። በየአሥራ አምስት ቀኑ እሄዳለሁ። ፊቷ ቁጭ ብዬ አለቅሳለሁ፣ አወራለሁ፣ ተነስቼ እመጣለሁ። ምነው፣ ጥርስ የሚነቅል ሰው ጥርሱን አያመውም?»

ሰባት ወር ታከምኩ። በየሳምንቱ ተነጋገርን፣ ለጥቂት ጊዜ መድኃኒትም ወሰድኩ፤ ከራሴ መስኮት ለራሴ ሰጠሁ። አንዳንዱ ሳምንት ወደኋላ ይመልሰኝ ነበር። ዛሬ ልጆቼ ሲስቁ አብሬ እስቃለሁ። ያ ሰውዬ አልጠፋም፤ አንዳንዴ ይመጣል። ሲመጣ ግን ከጠረጴዛ ሥር አልገባም።

ይህንን ያወራሁት ለራሴ አይደለም። ከጦርነቱ ወዲህ እዚህ አዳራሽ ውስጥ «ደህና ነኝ» እያለ ደህና ያልሆነ ሰው እኔ ብቻ እንዳልነበርኩ አውቃለሁ። ሐኪም ነን፣ የሰው ቁስል እናጥባለን፤ የራሳችንን ግን በቀልድና በጋዋን እንሸፍነዋለን። ሲስተር ስትመጣ ሰው ክፍሏ የሚገባው በጓሮ ነበር፤ ነጠላ ተከናንቦ፣ ግራ ቀኙን አይቶ። አሁን በዋናው በር ነው የሚገባው፤ ሐይቅ እስጢፋኖስ የሚማሩ የቆሎ ተማሪዎችም፣ ከቁርዓን ቤት የመጡ ደረሳዎችም አንድ አግዳሚ ላይ ተራ ይጠብቃሉ። ማንም ይህን በመመሪያ አላመጣውም። አንዲት ሴት አንድ በአንድ፣ ዳገት በዳገት ነው ያመጣችው።

ሲስተር ዋሲላ፣ ስለ አያት፣ ስለ ሃያ አንዱም ስለ ሁለቱም አመሰግንሻለሁ። ልጆቼ አባታቸውን ስለመለስሽላቸው ያመሰግኑሻል፤ ምን እንዳደረግሽ ግን ገና አያውቁም፤ ሲያድጉ እኔው እነግራቸዋለሁ።

ከሰኞ ጀምሮ ክፍሉን የምትረከበው ኑርሀያት ናት፤ ሲስተር ራሷ ሁለት ዓመት ያሠለጠነቻት። የመጀመሪያው ቀጠሮ ሰኞ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የኔ ነው፤ ደህና ስሆንም ብቅ እላለሁ። ከኔ ቀጥሎ ያለው ሰዓት ባዶ ነው። የሚፈልግ ሰው ለማንም ሳይነግር ለኑርሀያት ይንገራት።

በሉ እንግዲህ፣ ለስላሳም የያዘ፣ ውሃም የያዘ ብርጭቆውን ያንሳ። ሲስተር ወደ አርዲቦ ሐይቅ፣ ወደ ወንድሞቿ መንደር ልትገባ ነው። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብለሽ ማንም ጉዱን ሳይነግርሽ የምትውይበት ቀን ይስጥሽ። ጉልበትሽ ይጽና፣ ዓይንሽ ይብራ፣ የልጅ ልጅ እጅሽን ይዞ ይሂድ። ያጣሻቸው ሁለቱ ሰዎች በሕይወት ካሉ ፈጣሪ ደጅሽ ያምጣቸው። አገራችን ልጆቿን ሳትቆጥር የምታድርበት ሰላም ይውረድላት። የተጨነቀ የሚያናግረው፣ የሚያለቅስ የሚሰማው ሰው አይጣ።

አሚን የምትሉም፣ አሜን የምትሉም፣ አንድ ላይ በሉት፤ ሲስተር ትስማችሁ!