ቀሚሴን የለበሰችው

ከመገናኛ ወደ ወሰን በሚሄደው ታክሲ ከፊቴ ሁለት ጓደኛሞች ተቀምጠዋል። ከወሬያቸው እንደገባኝ አንደኛዋ ተዋናይት ናት፤ ለወሊድ ስትወጣ የቴአትር ሚናዋን ለሌላ ሰጥተውባታል።

«ታዲያ ሄደሽ አየሻት?»

«ትናንት። ነጠላዬን ተከናንቤ ከኋላ ተቀመጥኩ።»

«አንቺ ደግሞ! እሺ፣ እንዴት ናት?»

«ቀሚሴን ለብሳ ወጣች። ወገቡን አጥብበውላታል።»

«ወገቡን ተዪውና፣ ትወናዋስ?»

«ድምፅ የላትም። ዝም ብላ ሹክሹክታ!»

«ተመልካቹስ?»

«ባልየው ብርጭቆዋ ውስጥ መርዝ ሲጨምር፣ እኔ ብሆን አዳራሹ ይናጋ ነበር። ‹አትጠጪው!› እያሉ ይጮሁልኝ የለ?»

«እንዴታ! እኔ ራሴ ጮሄልሽ የለ።»

«ለእሷ ፀጥ። የሚያስል ሰው እንኳ የለም።»

«እሰይ! አልወደዷትማ!»

«ብርጭቆውን አነሳች። ባሏን አየችውና ፈገግ አለች።»

«ከዚያስ?»

«አንዲት ሴት ከመቀመጫዋ ብድግ ብላ ‹አትጠጪው፣ እህቴ!› ብላ ጮኸች።»

«አንዲት ብቻ? በቃ፣ ሚናሽ ተመለሰልሽ በይኝ።»

«እኔ ነኝ እኮ የጮህኩት። ብርጭቆው ውስጥ ያለው ውሃ መሆኑን እያወቅኩ!»

መውረጃዬ ደርሶ ነበር፤ እኔ ግን «ወራጅ አለ» ማለት አቃተኝ።