እጇ መንገድ ላይ ነው

አይ፣ ሌባ የለም። ጓንቶቹን የምሸሽግባቸው እኔ ነበርኩ። መምህርት ጁንግሱክ እንግዲህ ጡረታ ወጥተዋል፣ ይኸው እየሸኘናቸው ነው፣ ምን ያመጣሉ? እዚህ ማዕከላችን የሚታከሙት ልጆች ሲወለዱ አንጎላቸው ተጎድቶ አንዱ እጃቸው አልታዘዝ ብሏል፤ እሳቸው ደግሞ ደህነኛውን እጅ በጓንት ያስሩባቸዋል። ሰነፉ እንዲሠራ ነው አሉ። እኔ የጽዳት ሴት ምን አውቄ፣ ኮሪደር ላይ አውልቄላቸው የሩዝ ኬክ አስይዛቸዋለሁ። እሳቸው "ይሄ ልጅ ለምን አልተሻሻለም?" እያሉ ስንት ወር ተጨነቁ።

ወደዚህ ወደ ሞክፖ ከተማ የመጡ ለትማ፣ ቀኝ እጃቸውን በካልሲ ጠቅልለው በግራቸው ምሳ ሲበሉ አየኋቸው። የኮመጠጠው የጎመን ኪምቺ ደረታቸው ላይ ቀርቷል። ለወጥ ቤቷ "ሐኪም ላኩልን ብንል በሽተኛ ላኩልን" አልኳት። ለካ የልጆቹን ፍዳ ራሳቸው ላይ እየሞከሩት ኖሯል።

ኋላ የራሴ የልጅ ልጅ፣ ሶዳም፣ ግራ እጇን እንደጨበጠች ለህክምና መጣች። ያኔ ጓንት ማውለቁን ተውኩ።

ለትልቅ ሰው በሁለት እጅ ነው የሚሰጠው፤ ይሄንን የማያውቅ የለም። እኚህ ሴትዮ ግን ህክምና አደረጉት። ከልጅ በአንድ እጅ አይቀበሉም። ሶዳም አንዲት መንደሪን ልትሰጣቸው፣ ግራ እጇ እስኪመጣ ኑድላቸው ቀዘቀዘ። "ልደግፋት" ብል፣

"እትዬ፣ ይቀመጡ። እጇ መንገድ ላይ ነው።"

ሁለት ዓመት ፈጀ እንጂ መጣ።

ደክሞናል እንግዲህ። መምህርት፣ የእርስዎም አውራ ጣት የሰው ጣት ሲዘረጋ ኖሮ አለቀ፤ ፕላስተር ነው ያቆመው። የኔም ጉልበት እንደዚያው። በቦታዎ የሚተካ ገና አልተገኘም። እውነቱን ልናገር፣ ሶዳም የሹራቧን ቁልፍ መቆለፍ እስክትችል ይቆዩልኝ ብዬ ልለምንዎ ነበር የተነሳሁት። ቅድም ቾፕስቲኩ ከእጅዎ ሲወድቅ አየሁና ልመናዬን ዋጥኩት።

ሳይቸኩሉ ስለጠበቋት አመሰግናለሁ። ሌላ ቃል የለኝም፣ እኔም ቃል ካጣሁ ጉድ ነው።

በሉ፣ የሩዝ ጠላችሁን አንሱ። ጣትዎ ይረፍ። ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥዎ። እንቅልፍዎ እስከ ረፋድ...

ማነው የጠራኝ? በር ላይ? ሶዳም ከትምህርት ቤት መጥታ "አያቴ ጫማዬን ፍቺልኝ" አለች? መጣሁ በሏት።

መፍታቱን አልፈታላትም። አጠገቧ ቁጭ እላለሁ። እናንተ ጠጡ፤ እኛ እንቆያለን።