ጧሪ አለኝ

(ከቀበሌው አዳራሽ ማዶ፣ የልብስ ሰፊው የጌጡ በረንዳ፤ ነገ ጠዋት በጤና መድን በነጻ የሚታቀፉት ችግረኞች ስም በአዳራሹ ስለሚነበብ፣ ጡረተኛዋ እትዬ ዘውድነሽ የመልማይ ኮሚቴው አባል ከሆነው ከጌጡ ማሽን ፊት በርጩማ ላይ ተቀምጠው ይከራከራሉ።)

ዘውድነሽ፦ አልልም አልኩህ እኮ! ቀሚሴን ስፋና ሂሳብህን ተቀበለኝ፣ ልሂድበት።

ጌጡ፦ እትዬ፣ አንዲት ቃል እኮ ናት። ስምዎን አነባለሁ፣ ይነሳሉ፣ «ጧሪ የለኝም» ይላሉ፣ ይቀመጣሉ። ሕዝቡ «እውነት ነው» ይላል። አለቀ። ዓመቱን ሙሉ በነጻ ይታከማሉ።

ዘውድነሽ፦ መልካሙን የት ላድርገው? ትርንጎንስ? ሁለት ልጅ አምጬ ወልጄ፣ በሰው ፊት በአፌ ልቅበራቸው?

ጌጡ፦ ማን ይቅበሩ አለዎት? ለመዝገብ ነው።

ዘውድነሽ፦ ከአፍ ከወጣ አፋፍ። እግዜር ይኼ ለመዝገብ ነው፣ ይኼ ለጸሎት ነው እያለ ለይቶ የሚሰማ መሰለህ?

ጌጡ፦ እግዜርማ ልብ ያያል።

ዘውድነሽ፦ እሱ ልብ ያያል። ጎረቤት ግን ጆሮ ብቻ ነው ያለው።

ጌጡ፦ እሺ፣ ዓይንዎስ? ሐኪሙ ምን አለ?

ዘውድነሽ፦ ሞራ ነው አለ። ትልቁ ሆስፒታል ሄደሽ ይገፈፍልሻል፣ ብቻ የመድን መታወቂያሽ የታደሰ ይሁን፣ ያለዚያ ከኪስሽ ነው አለኝ። ከየትኛው ኪስ? ይኸ ቀሚስ እንኳ ኪስ የለው።

ጌጡ፦ እስቲ ይቺ በእጄ የያዝኳት ክር ምን ቀለም ናት?

ዘውድነሽ፦ ጥቁር።

ጌጡ፦ ሰማያዊ ናት።

ዘውድነሽ፦ ጥቁርና ሰማያዊ ወንድማማች ናቸው። አንተ ሥራህን ሥራ።

ጌጡ፦ ሲቀልዱ እኔን ያስፈሩኛል። ባለፈው ከቄሱ ግቢ ገደል ሊገቡ የነበረው ማን ነው?

ዘውድነሽ፦ ገደል አይደለም፣ ቦይ ነው። ደግሞ አልገባሁም፣ ማርያም ያዘችኝ።

ጌጡ፦ እንግዲያው የመድኑን ዓመታዊ መዋጮ ይክፈሉ። እስከ ዓርብ ነው የሚቀበሉት። ዓርብ ካለፈ ለዓመት ነው።

ዘውድነሽ፦ በምን? ጡረታዬ እኮ እንግዳ ናት፣ ደጅ ላይ ሆና እንደምን ሰነበትሽ ብላኝ ትሄዳለች። የቤት ኪራይ አለ፣ መብራት አለ፣ የስኳሬ መድኃኒት አለ፣ እድር አለ...

ጌጡ፦ እድሩን ይተዉት፣ ለጊዜው።

ዘውድነሽ፦ እድሩን? ሳልታከም ልሞት እችላለሁ። ሳልቀበር ግን የት እቀመጣለሁ?

ጌጡ፦ ከየወሩ ትንሽ ትንሽ ቆጥበው ቢሆን ኖሮ...

ዘውድነሽ፦ ቆጥቤ ነበር፣ በመሃረብ ቋጥሬ። የመልካሙ ሚስት ወለደች። አራስ ቤት ባዶ እጄን ልግባ? ደግሞ የቋጠርኩት ቢኖርም አይበቃም። ጡረታዬ በቆመችበት ቆማለች፣ የእናንተ መዋጮ ግን እንደ ሕፃን በየዓመቱ ያድጋል። በግማሽ አትቀበሉኝም?

ጌጡ፦ አይቻልም።

ዘውድነሽ፦ በየወሩስ?

ጌጡ፦ ደንቡ በአንድ ጊዜ ነው የሚለው።

ዘውድነሽ፦ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ጌጡ፦ እትዬ፣ ኮሚቴው በእርስዎ ላይ ክፋት የለውም። ጡረታዋ ትንሽ ናት፣ እናሳልፋት ብለናል። ያስቸገሩን ልጆችዎ ናቸው።

ዘውድነሽ፦ ልጆቼ ማንን አስቸግረው ያውቃሉ? ትርንጎ ከዓረብ አገር ድምጿ ጠፋ እንጂ ጨክና አይደለም። አሠሪዋ ስልኳን ቀምታት ይሆናል። መልካሙም ቀን ሙሉ በሰው ባጃጅ ሲዞር ይውላል፣ ማታ ለባለቤቱ ቆጥሮ ያስረክባል፣ የተረፈችው የወተት ናት። ልጆች አሏት፣ ግን አቅም አጥተዋል ብለህ ጻፍልኝ።

ጌጡ፦ ቅጹ እንዲያ የሚል ቦታ የለውም። ወይ «አለ» ነው፣ ወይ «የለም» ነው።

ዘውድነሽ፦ በ«አለ» እና በ«የለም» መሃል ሰው አይኖርም?

ጌጡ፦ ኧረ ግማሹ ከተማ እዚያ መሃል ነው ያለው። እኔም ከነማሽኔ። ግን ምን ላድርግ? እኔ እንዳነብ ነው የተመረጥኩት።

ዘውድነሽ፦ ትምህርት ቤት አርፍደህ ስትመጣ ደወሉን አዘግይቼ በጓሮ አጥር ያስገባሁህ ልጅ፣ ዛሬ ለእኔ አጥር ጠፋህ?

ጌጡ፦ አጥርማ አሳየሁዎት እኮ! አንዲት ቃል ብለው ይግቡ። ደግሞ ነገ ይኼን የቅዳሴ ቀሚስ ለብሰው እንዳይመጡ። ወይም ብብቷ እንደተቀደደች ልተዋት። ሕዝቡ ምስክር ነው፣ የሚያየውን ነው የሚመሰክረው።

ዘውድነሽ፦ ብብቴን ከፍቼ ሕዝብ ፊት? ድሃ ብሆን ዝርክርክ አይደለሁም። ድሃ በሕልሙ ቅቤ ባይጠጣ ንጣት ይገድለው ነበር፣ እኔም ያለችኝ ሕልም ይቺ ቀሚስ ናት። ስፋው። ደርበህ ስፋው።

ጌጡ፦ እየሰፋሁ ነው።

ዘውድነሽ፦ ነገ አዳራሽም አልመጣም። ቅዳሴ ነው የምሄድባት። እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። እስከዛሬ ያደረሰኝ... ምነው ማሽኑን አቆምከው?

ጌጡ፦ ክሩ ተበጠሰ።

ዘውድነሽ፦ ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ ደህና ነው። አልተበጠሰም። ምንድን ነው የደበቅከኝ?

ጌጡ፦ እንዳልነግርዎ አስምሎኛል።

ዘውድነሽ፦ ማን?

ጌጡ፦ መልካሙ።

ዘውድነሽ፦ መልካሙ ምን ሆነ? ተጋጨ?

ጌጡ፦ ኧረ ደህና ነው። ትናንት እዚህ መጥቶ ነበር። እዚችው በርጩማ ላይ ነው የተቀመጠው። መጣሁ ብሎ ባጃጇን ሳያጠፋ ገባ፣ ከዚያ ቁጭ እንዳለ ነዳጇ አልቃ ራሷ ጠፋች።

ዘውድነሽ፦ በዚህ የነዳጅ ሰልፍ! ምን ፈልጎ ነው?

ጌጡ፦ «እናቴ አትልም፣ አውቃታለሁ። እኔ እልላታለሁ» አለኝ። ነገ ስምዎ ሲነበብ ከሕዝቡ መሃል ሊነሳ ነው። «ልጇ እኔ ነኝ፣ እናቴን መጦር አቅቶኛል» ሊል።

ዘውድነሽ፦ በዚያ አዳራሽ? አማቶቹ ባሉበት?

ጌጡ፦ ልጅ በአፉ ካመነ ደንቡ ይቀበላል።

ዘውድነሽ፦ ደንብህ ይቅርና... ከባጃጇ ኋላ ምን እንዳስጻፈ ታውቃለህ?

ጌጡ፦ ማን የማያውቅ አለ? «የእናቴ ምርቃት»።

ዘውድነሽ፦ ነገ የተሳፈረ ሁሉ ያንን እያነበበ ይስቅበታል። ሚስቱ ውኃ ልትቀዳ ስትወጣ ይጠቋቆሙባታል። ያ ሕፃን እንኳ ሲያድግ ይነግሩታል። ከልክለው፣ አንተ!

ጌጡ፦ ከልክዬው ነበር። «ታዲያ ዓይኗን አንተ ትገፍፍላታለህ?» አለኝ። ከዚያ ሁለታችንም ባጃጇን እስከ ማደያው ገፋናት።

ዘውድነሽ፦ ዘውድነሽ መታከም አልፈልግም ብላለች በለው።

ጌጡ፦ ብዬዋለሁ። «ከታወረችማ ምን ፊት አለኝ፣ ከተማውን ለቅቄ እጠፋለሁ» አለ።

ዘውድነሽ፦ እመቤቴ ማርያም! አንዷ በባሕር ማዶ ጠፍታ፣ ደግሞ እሱ? በየት በኩል ልውጣ? ቢናገርም አጣሁት፣ ዝም ቢልም አጣሁት።

ጌጡ፦ እኔም ከትናንት ጀምሮ መርፌ እጄን እየወጋኝ ነው። ቢቸግረኝ ነው ቃሏን እርስዎ ይበሏት እያልኩ የጨቀጨቅኩዎት።

ዘውድነሽ፦ የእኔ ስም የት ላይ ነው?

ጌጡ፦ ከመጨረሻዎቹ ጋር።

ዘውድነሽ፦ መጀመሪያ አድርገው።

ጌጡ፦ ለምን?

ዘውድነሽ፦ መልካሙ ጠዋት ተማሪዎቹን አድርሶ ነው የሚመጣው፣ ይረፍድበታል። እሱ ሳይደርስ ልበለው።

ጌጡ፦ ምኑን?

ዘውድነሽ፦ ያችን ቃልህን።

ጌጡ፦ በአፌ አልቀብራቸውም ሲሉኝ ቆይተው?

ዘውድነሽ፦ እናት ስትዋሽ እግዜር ጆሮውን ይደፍንላታል። ልጅ እውነቱን ሲናገር ግን አገር ይሰማዋል። ብቻ አንተ ድምፅህን ከፍ አድርገህ አንብብ፣ የማየው የለኝም፣ መቼ እንደምነሳ እንዳይጠፋኝ።

ጌጡ፦ እሺ፣ እትዬ። ይኸው ቀሚስዎም አለቀ። እንዳሉኝ ብብቱን ደርቤ ነው የሰፋሁት።

ዘውድነሽ፦ ተርትረው።