ዝግጅቱን ወደ ሰሊጡ ማሳ የወሰድን ዕለት

በእኛ ጊዜማ እዚህ ቆላ ትምህርት ቤት የሚባል ማን አይቶ! ሰሊጥ ነበር፣ ማሽላ ነበር፣ ወባ ነበር፣ አለቀ። እና አሁን እናንተ ተማሪዎች መጥታችሁ «እማማ፣ ዝግጅታችን እንዲያምር ምን እናድርግ?» ትሉኛላችሁ። ድንኳን፣ ድምፅ ማጉያ ምናምን እንድላችሁ ነው? አልልም! ይልቅ የአምናውን ስሙኝ።

አምና የወላጅ ኮሚቴ ነበርኩ። ታዲያ ርዕሰ መምህሩ የተማሪዎች ቀን ብሎ ጥቅምት ላይ ቆረጠ። ጥቅምት! ሰሊጡ ደርሶ፣ አንድ ቀን ካሳደሩት ፍሬው መሬት ለመሬት በሚበተንበት ጊዜ! «ኧረ ልጄ፣ ወላጁ ሁሉ ማሳ ነው» ብዬ ብነግረው፣ «አንቱ ደሞ! እንግዶች ከወረዳ ይመጣሉ፣ ቀኑ አይነካም» አለኝ ክራቫቱን እያስተካከለ።

ደረሰ ቀኑ። የወረዳ እንግዶቹም አልመጡ፣ አዳራሹ ውስጥ ባዶ ወንበር ብቻ። ታዲያ ትርንጎ፣ ያኔ ስምንተኛ ክፍል ነች፣ ወረቀቷን ይዛ ታለቅሳለች። «ምነው?» ብላት፣ «አባቴ ስምንተኛ ይበቃታል ብሏል። ዛሬ ሳነብ ቢሰማኝ ሐሳቡን ይቀይር ይሆናል ብዬ ነበር» አለችኝ። ደሜ ፈላ! የጎረቤቴ ትራክተር ከነተሳቢው ደጅ ቆሟል። «ተነሱ፣ ተሳቢው ላይ ውጡ!» አልኩ። ርዕሰ መምህሩ «ፕሮግራሙ በአዳራሽ ነው!» ይላል። «አዳራሹ ሰሊጥ ያጭዳል?» አልኩታ!

እና ሄድን። የትርንጎ አባት ከአጨዳው ቀና ብሎ፣ «ሠራተኛው ቁጭ ብሎ ከሰማችሁ ሰሊጡን ማን ያጭደዋል?» አለ። እውነቱን ነው፣ እውነቱን ነው። ታዲያ ምን አደረግን? ማጭዱን ተቀበልናቸው! ሠራተኞቹ ተቀመጡ፣ የትርንጎ አባት ግን ማጨዱን ቀጠለ፣ ትልልቆቹ ተማሪዎች አጨዱ፣ እኔም በዚህ ወገቤ ነዶ አሰርኩ። ከወሎ የመጣ አንድ ሠራተኛ እየሳቀ «ኧረ ቀስ፣ ፍሬውን አፈሰሳችሁት!» ይላል።

ትርንጎ ተሳቢው ላይ ቆማ አነበበች። «አባቴ የትምህርት ቤቴን በር እንኳ አያውቀውም። እኔ ግን ክረምቱን አብሬው ሳርም ስለከረምኩ ማሳውን ዳር እስከ ዳር አውቀዋለሁ» አለች። ሰውየው ማጭዱን አስቀመጠ። ስትጨርስ ወደ እኔ መጣና፣ «እማማ፣ ዘጠነኛ ክፍል የት ነው የሚማሩት?» አለኝ።

በዚህ የተነሳ እኔን ከኮሚቴ አወጡኝ። ያውጡኛ! ይኸው ዘጠነኛ ገብታ ከመካከላችሁ ተቀምጣለች። እንዲሰማችሁ የምትፈልጉት ሰው ካልመጣ ሂዱለት፤ ሥራ ከያዘው ሥራውን ተቀበሉት። ይሄንን ድንኳን ተከራይታችሁ አታገኙትም።

«እማማ» አለች ትርንጎ፣ «አባቴ ዘንድሮ ስንት ማጭድ ላዘጋጅ ይላል ብለሽ ጠይቂያቸው ብሎኛል።»

በለው! ለርዕሰ መምህሩም አንድ ይጨምር በይው! (ሳቅ)