የበየነ ኤ ፍላት

(ጋሽ ጌታቸው፣ የቀድሞ የሆቴል ባንድ ጊታር ተጫዋች፣ ልደታ ኮንዶሚኒየም ሕንፃው ሥር ለተቀመጡ ጎረቤቶቻቸው ያወሩት። ቃላቸው እንዳለ የተጻፈ።)

በኛ ጊዜ ጃዝ ልማር ያለ ሰው ከጊታር በፊት ቴፕ መፍታት ነበር የሚማረው። አትሳቁ፣ እውነቴን ነው። ኖታ የለ፣ አስተማሪ የለ፣ እንደ ዛሬው ስልክ ከፍቶ የፈረንጁን ጣት አንድ በአንድ መቁጠር የለ። የነበረን አንድ ካሴትና አንድ ቴፕ ነው። ካሴቱ ላይ አንድ አሜሪካዊ ብቻውን፣ ያለ ዘፋኝ፣ ያለ ከበሮ፣ የቆዩ የጃዝ ዜማዎችን በጊታር ይጫወታል። ቴፑ ደግሞ የበየነ ነው። በየነን ታውቁታላችሁ፣ ያ ሁለተኛ ፎቅ ያለው፣ ኮቱን በሐምሌም በግንቦትም የማያወልቀው። ያኔ ጠመንጃ ያዥ ሰፈር ሬዲዮ ይጠግን ነበር፣ እና ከሥራ ስንወጣ ሱቁ ውስጥ ሁለታችንም ጊታር እንነካካለን።

ታዲያ ካሴቱን ገና በወጉ ሳንሰማው የቴፑ ላስቲክ ተበጠሰ። ሞተሩን ከመዘውሩ ጋር የሚያያይዘው ቀጭኑ ላስቲክ። መርካቶ ብንዞር የለም፣ ተክለ ሃይማኖት ብንዞር የለም። በየነ "እኔ እያለሁ?" አለና የብስክሌት ካላማዳሪ በመቀስ ቆርጦ፣ ከዋናው ወፈር ያለ ላስቲክ ሠርቶ አስገባለት። ቴፑ ጮኸ! እኛም ጮህን! ይሄን ላስቲክ ልብ በሉልኝ፣ እመለስበታለሁ።

ካሴቱን ሰማነው፣ ሰማነው፣ ሰማነው። ጊታራችንን በሰፈሩ ትምህርት ቤት አኮርዲዮን ነበር የምንቃኘው፣ አኮርዲዮን ደግሞ አይዋሽም። በየነ ጆሮውን ቴፑ ላይ ለጥፎ ክር ሲነካካ ቆየና፣

"ኤ ፍላት ነው" አለ።

"ምኑ?"

"የመጀመሪያው ዜማ ነዋ! ሰውየው ኤ ፍላት ላይ ነው የሚጫወተው!"

ሞከርኩት፣ እውነትም የዜማው መነሻ ድምፅ፣ ኪይ የምንለው፣ ኤ ፍላት ነው። ጊታር ላይ ኤ ፍላት ማለት ምን መሰላችሁ? አመልካች ጣታችሁ ስድስቱም ክር ላይ እንደ በር መቀርቀሪያ ይጋደማል፣ እዚያው ተጋድሞ ይቀራል፣ ዜማውን በቀሩት ሦስት ጣቶች እየለቀማችሁ ታወጣላችሁ። ግማሽ ድምፅ ዝቅ አድርጋችሁ ጂ ላይ ብትጫወቱት ግን ብዙዎቹ ክሮች ሳትጫኗቸው ራሳቸው ይጮሁላችኋል፣ ጣታችሁ ነፃ ይሆናል። ብቻውን ለሚጫወት ሰው፣ ቤዙም፣ ማለት ወፍራሙ ድምፅ፣ እሱ ዜማውም እሱ ለሆነ ሰው፣ ልዩነቱ ደረጃ በመውጣትና በሊፍት በመውጣት መካከል ያለው ነው። ያውም በሚሠራ ሊፍት።

"በየነ" አልኩት፣ "ጂ ላይ ብናወርደውስ?"

እንዴት ብሎ እንዳየኝ! "ሰውየው አሜሪካ ቁጭ ብሎ ኤ ፍላት ሲል፣ አንተ ማነህ ጂ የምትል? ኦሪጅናል ኦሪጅናል ነው!"

"ጣቴ አይደርስም።"

"ጣትህ ካልደረሰ ክራር ግዛ።"

"ደግሞስ ሰውየው ይፈጥናል፣ እንዴት እንደርስበታለን?"

"አሜሪካዊ ነዋ! እጁ ፈጣን ነው!"

እና በየነ ኤ ፍላት ላይ ቀረ፣ እኔ ጂ ላይ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ጓደኞቻችን እሱን "ኦሪጅናል" አሉት፣ እኔን "ቅናሽ"። እኔም አመንኩ። ስሙኝ፣ አመንኩ! ሆቴሉ ውስጥ ባንዱ ሲያርፍ ያን ዜማ ብቻዬን እጫወታለሁ፣ ሰው ያጨበጭባል፣ እኔ "አይ፣ ይሄ እንኳ የቀለለው ነው፣ ኦሪጅናሉ ከባድ ነው" እላለሁ። ጊታር ያስተማርኳቸውን ልጆች ሁሉ ያን ዜማ ይቅርታ እየጠየቅኩ ነው ያስተማርኳቸው።

ታዲያ አምና ሰንጋ ተራ፣ ካዲሶቹ ሕንፃዎች ባንዱ ሥር ምግብ ቤት ያላት ወይዘሮ ዘምዘም፣ የስልጤ ልጅ ናት፣ ቁም ነገረኛ፣ "እሑድ ምሳ ላይ ለስለስ ያለ ጊታር የሚጫወትልኝ አንድ ሰው እፈልጋለሁ" አለች። አንድ። ሁለት አላለችም። እኔ ያቺን የተጫዋች ወንበር ፈለግኳት፣ ምን እዋሻለሁ? ሆቴሉ ከሸኘኝ ወዲህ የሚሰማኝ ግድግዳ ብቻ ነው፣ ግድግዳውም ቢሆን ከወዲያ በኩል በጎረቤት ይደበደባል። ሳሚ፣ ቀና በል፣ ስምህን አልጠራሁም። በየነም ፈለጋት። እና ሁለታችንንም ባንድ ቀን ልትሰማን ጠራችን፣ ሁለታችንም ያንኑ ዜማ ይዘን ሄድን።

እኔ ቀደምኩ። ጂ ላይ፣ ተዝናንቼ፣ ቤዙ እየጮኸ፣ ዜማው እየፈሰሰ፣ እንዲያውም መሀል ላይ ለአስተናጋጇ ራሴን ነቅነቅ አድርጌ ሰላም አልኳት። ከዚያ በየነ ገባ። ከነኮቱ። ጣቱን አጋደመ፣ እና ላብ! ግንባሩ ላብ፣ አንገቱ ላብ፣ ጥርሱን ነክሷል፣ ትከሻው ጆሮው ጋ ደርሷል፣ ግማሹ ክር ታፍኖ ድም ድም ይላል። አንድ ቦታ ላይ አቃሰተ። እኔ በልቤ "አለቀለት" እላለሁ።

ወይዘሮ ዘምዘም እሱን መረጠች!

"ምን አጎደልኩ?" አልኳት።

"ጋሼ፣ አይቀየሙኝ" አለች፣ "እርስዎ ዝም ብለው የተቀመጡ ነው የሚመስሉት። እሳቸው ግን ይሠራሉ። ደንበኛ ሥራ ማየት ይወዳል።"

በየነ ላቡን በመሀረብ እየጠረገ "ኦሪጅናል ነዋ፣ ጌቾ!" አለኝ።

ቤት ገባሁና ለእህቴ ልጅ ለማርታ አጉረመረምኩ። ሙዚቃ ነው የምትማረው። "ቆይ፣ የትኛው ቅጂ ነው?" አለችና ስልኳን ከፍታ ያንኑ ካሴት፣ ያንኑ ሰውዬ አወጣችልኝ። አዳመጥኩ። ሰውየው አይፈጥንም! ተዝናንቶ ነው የሚጫወተው። ጊታሬን አንስቼ አብሬው ነካሁ፣ ገጠመ። ጂ ነው! ማርታ ደግሞ በስልኳ መቃኛ ለካችው፣ ጂ! ከመጀመሪያውም ጂ ነው! ያ የካላማዳሪ ላስቲክ ወፍራም ስለሆነ ቴፑን አሩጦታል፣ ቴፕ ሲሮጥ ደግሞ ድምፁም ሽቅብ ይወጣል። የአሜሪካዊው እጅ አልፈጠነም፣ የበየነ ላስቲክ ነው የፈጠነው!

ሮጥኩ አልልም፣ ጉልበቴን ታውቁታላችሁ፣ ግን ወደ ሁለተኛ ፎቅ ወረድኩ፣ ማርታም ስልኳን ይዛ ተከተለችኝ። የላስቲኩን ነገር ነገርነው፣ ስልኩን አሰማነው። በየነ ሰማ። ጊታሩን አነሳ፣ ነካ፣ አስቀመጠ። ስልኩን አገላብጦ አየው። እና ምን ቢል ጥሩ ነው?

"የስልኩ ባትሪ ደክሟል።"

"ምን?"

"ባትሪ ሲደክም ይዘገያል፣ ድምፁም ይወርዳል። ስንት ቴፕ የጠገንኩ ሰው ነኝ! ልጄ፣ ቻርጅ አድርጊውና ነይ።"

"ጋሽ በየነ፣ ስልክ እንደዚያ አይደለም" አለችው ማርታ፣ "ባትሪው ሲያልቅ ይጠፋል እንጂ ዜማ አያወርድም።"

"ግዴለም፣ አድርጊው።"

አድርጋ አመጣችው። ሙሉ። ጂ ነው። በየነ "የዛሬ ቻርጀር!" አለና በሩን ዘጋ።

ሳቁ፣ ሳቁ፣ እኔም ስቄያለሁ። ግን ወር እንኳ ሳይሞላ፣ አንድ ቅዳሜ ጧት በሬ ተንኳኳ፣ በየነ ነው። ግራ እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከቶታል።

"ምነው?"

"ምንም።"

"እስቲ እጅህን።"

አወጣው። አመልካች ጣቱ ከመገጣጠሚያው አብጦ ዝንጅብል መስሏል። ሐኪሙ "ይህቺን ጣት እንደዚህ መጫን ካልተዉ ጊታሩን ይረሱት" ብሎታል። እሑድ ነገ ነው። ወንበሯ ባዶ ልትሆን ነው፣ ከእኔ ሌላ የሚቀመጥባትም የለም። እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ለአንድ ደቂቃ ያህል በጣም ደስ አለኝ።

"ጂ ላይ ተጫወተዋ" አልኩት።

"ጂ ላይ አልጫወትም።"

"ኦሪጅናሉ ጂ ነው እኮ፣ አንተ ሰው!"

"አውቃለሁ" አለ። አውቃለሁ አለ! "አርባ ዓመት ኤ ፍላት ነው ብዬ ሰው ሰድቤበታለሁ፣ አንተን ሰድቤሃለሁ። አሁን ጂ ነበር ብል አርባ ዓመቱን የት ላድርሰው?"

ይሄኛው አላሳቀኝም። ተነሳሁና ከመሳቢያዬ ካፖ አወጣሁ። ካፖ ማለት የጊታሩን አንገት ከነክሩ የሚነክስ ትንሽ መቆንጠጫ ነው። ከአንገቱ ጫፍ፣ የመጀመሪያዋ የጣት መደብ ላይ ታስነክሱታላችሁ፣ ከዚያ ጣታችሁ ልክ ጂ ላይ እንዳለ ይጫወታል፣ የሚወጣው ድምፅ ግን ኤ ፍላት ነው። ያቺ ያበጠች ጣት አርባ ዓመት የሠራችውን አንዲት ብረት ትሠራላታለች።

"ይሄ ማጭበርበር ነው" አለ በየነ።

"ነካው መጀመሪያ።"

ነካው። ኤ ፍላት። ደገመው። ፊቱ በራ። "ኦሪጅናል ኪይ!" አለ፣ "አላልኩህም?" እና እግዜር ይስጥልኝ እንኳ ሳይል ካፖዬን ይዞ ወጣ።

እሑድ ሄጄ ከኋላ ተቀመጥኩ። በየነ ተጫወተ፣ እንደ ቅቤ! ላብ የለ፣ ማቃሰት የለ፣ ኮቱን አውልቋል! እኔ እሱን ካወቅኩት ጀምሮ እንደዚያ ተጫውቶ አያውቅም። ያጨበጨብነው ግን እኔና አስተናጋጇ ብቻ ነን። ወይዘሮ ዘምዘም ጠጋ ብላ፣

"ጋሼ፣ ምነው ዛሬ አልሠሩም? አሞዎት ነው?" አለችው።

በየነ ዞሮ እኔን ያየኛል። እኔ ምን አደረግኩ? ጥርሴን ነክሼ፣ ትከሻዬን ጆሮዬ ድረስ ሰቅዬ አሳየሁት። ገባው። ኮቱን መልሶ ለበሰ፣ ፊቱን አጨፈገገ፣ ያንን ቀላል ጂ ድንጋይ እንደተሸከመ ሰው እያቃሰተ ተጫወተው። ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ!

እንግዲህ ፍርዴን አንተ የምትጽፈው ልጅ ጻፈው። አንዱ አርባ ዓመት በስህተቱ ኮራ፣ አንዱ አርባ ዓመት በልክነቱ አፈረ፣ ሰሚው ግን ያጨበጨበው ለላብ ነው።

("ወንበሯስ፣ ጋሼ? በዚያው ቀረች?" አለ ሳሚ የተባለው ጎረቤታቸው።)

የት ትቀራለች! በየነ ራሱ ሄዶ "ጣቴ እንዲያርፍ አንድ እሑድ እኔ፣ አንድ እሑድ ቅናሹ" ብሏታል። ቅናሹ ነው ያላት፣ ይሄ ውሻ! እና እኔም ይኸው ቤቴ ቁጭ ብዬ ማቃሰት እየተለማመድኩ ነው። እንዲያውም አንተ ሳሚ፣ ሰሞኑን ግድግዳውን መደብደብ ለምን እንደተውክ ገረመኝ። ጨዋታዬን ወደድከው?

"አይ ጋሼ" አለ ሳሚ፣ "የታመሙ መስሎኝ ነው።"