የዘምዘም የማርማላታ ጠርሙስ

ስሙማ ይቺን። ጎፋ ዘምዘም የምትባል ጎረቤት አለችኝ። እኔም እሷም ቤታችን ማርማላታ እየሠራን ለሱቆች እናስረክባለን፤ ዱባይ መላክ የጀመረችው ግን እሷ ብቻ ናት። ጭነት መኪና በሯ ላይ በቆመ ቁጥር እኔ መጋረጃዬን እዘጋለሁ። ባለፈው አንድ ጠርሙስ የዘይቱን ማርማላታ ይዛልኝ መጣች፤ ስሟ በወርቃማ ቀለም ታትሞበታል። "እስቲ ቅመሽልኝ እህቴ" አለችኝ። ሞቼ ነው የምቀምሰው ብዬ ቁም ሳጥን ውስጥ ወሸቅኩት። ባሌ ግን አግኝቶት ዳቦ ላይ እየቀባ ጨረሰው፤ ይባስ ብሎ ማንኪያውን ይልሳል! የጎረቤት ዕቃ ደግሞ ባዶውን አይመለስም። ባለሙያዋ ማን እንደሆነች ይታያታል ብዬ እዚያው ጠርሙሷ ውስጥ የራሴን የዘይቱን ማርማላታ ሞልቼ መለስኩላት።

በሳምንቱ እየሮጠች መጣች። "አንቺ፣ ጉድ ፈላ! ከዱባይ የመጣው ደንበኛዬ ጠረጴዛ ላይ የነበረውን አንቺ የሞላሽውን ጠርሙስ አንስቶ ቀመሰው። የኔ መስሎት 'እስከ ዛሬ ይህን የት ደብቀሽው ነው?' ብሎ ለቤተሰቡ ይዞት ሄደ። ለመሆኑ ምን ጨምረሽበት ነው?" ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር አይደል? እኔ ግን ዓይኔ ላይ የመጣው ጠርሙሱ ነው፤ የሷን ስም ለብሶ፣ አውሮፕላን ተሳፍሮ። እኔ እኮ ከፉሪ ወዲያ ሄጄ አላውቅም! "ምንም አልጨመርኩበትም" አልኳት ፊቴን አጥቁሬ። በዘምዘም መቅናቴ ሳያንሰኝ፣ ይኸው በገዛ ማርማላታዬ ቀናሁ።