የሚያስቸግረኝ ተክል

ወደ ወገዳ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከፊቴ አንዲት አሮጊትና አንድ ወጣት ጎን ለጎን ተቀምጠው ነበር። አሮጊቷ ባዶ ሳፋ ጭናቸው ላይ አቅፈዋል።

«ልጄ፣ ግብርና ነው የምሠራው አላልኸኝም? እዚህ ሳፋ ላይ ምን ብተክል ይሻለኛል?»

«ጥልቀቱ ስንዝር አይሞላም እኮ፣ እማማ። መሬት ላይ ለምን አይተክሉም?»

«መሬቱንማ አቅሜ ሲደክም ለወንድሜ ልጅ ሰጥቼው ወጣሁ። አሁን ልጄ ወገዳ ቤት ተከራይታልኛለች። ግቢው ሲሚንቶ ነው።»

«አብራችሁ ናችሁ?»

«እሷማ ሥራዋ ባሕር ዳር ነው። ትደውላለች።»

«እንግዲያው ጦስኝ ይትከሉ። ድንጋይ ላይ እንኳ ይበቅላል። ሳምንት ውኃ ባያገኝ ምንም አይሆንም።»

«ሳምንት ሙሉ?»

«አዎ፣ ምንም አያስቸግርዎትም።»

«እሱስ ይቅርብኝ።»

«ለምን?»

«ላሜንና ጥጃዋን ለሰው ሰጥቼ ነው የመጣሁት። ጠዋት ስነሳ የሚፈልገኝ ነገር የለም። የሚያስቸግረኝን ንገረኝ፣ ልጄ።»



«ሰላጣ አለ» አለ ወጣቱ። «ሥሩ አጭር ስለሆነ ሳፋው ይበቃዋል። ከታች ቀዳዳ ያብጁለት። ግን በበጋ ጠዋትም ማታም ውኃ ይፈልጋል፤ አንድ ቀን ከረሱት ይጠወልጋል።»

«ጠዋትም ማታም?»

«ጠዋትም ማታም።»

«በል፣ ዘሩ ከየት እንደሚገኝ አሳየኝ።»

እኔ ጨዋታቸውን ሰምቼ ልጨርስ ብዬ «ወራጅ አለ» ማለት የነበረብኝን ቦታ አለፍሁት።